ከእጅ አይሻል ፖምፓ

ከደሴ ተነስታችሁ ቁልቁለቱን ስትወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ ትገባላችሁ። ሌላ ያን ያህል ስትጨምሩ ደግሞ አምባሰል፣ ውጫሌ ናችሁ። በዚህ መንገድ ዳር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ መኪና የቆጠረ ሰው የመግቢያ ሳይከፍል የሞተር ቤተ መዘክር ጎበኘ ማለት ነው። እዚሁ አገር ቤት ላሜራ ተቀጥቅጦ አካል የወጣለት ቅጥቅጥ አይሱዙ ያልፋል። ዕድሜውን ባለቤቱም በትክክል የማይነግራችሁ ላንድክሩዘር ያልፋል። ከዱባይ አገልግሎ መጥቶ እኛ ዘንድ "አዲስ" የተባለ ሚኒባስ ያልፋል። የጥንቱ ፊያት ኤንትሬ እንኳ ብርቅ ሆኗል፤ የድሮ ሹፌሮች ስለ እሱ ሲያወሩ ግን ስለ ሞተ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ዳገት ላይ ቆሞ ብታዩ፣ ከተሳፋሪው እስከ በግ ነጂው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ "ፖምፓው ነው!" ጥቁር ጭስ ለቀቀ? ፖምፓው ነው። ጠዋት አልነሳ አለ? ፖምፓው ነው። ናፍታ በላ? አሁንም ፖምፓው ነው። የሚገርመው ነገር ብዙ ጊዜ ፍርዱ ከእውነት አይርቅም። የሚያሳዝነው ከፍርዱ በኋላ የሚመጣው ነው። ፖምፓው ይፈታል፣ ሌላ ይገዛል፣ ይገጠማል… ከዚያ መኪናው ሁለት ወር ሄዶ እዚያው ዳገት ላይ ይቆማል። አባቶቻችን "ከእጅ አይሻል ዶማ" ያሉት ይኸን የመሰለ ለውጥ አይተው መሆን አለበት።

ችግሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የናጠጡት አገሮችም በዚሁ ነገር እንቅልፍ ያጣሉ፤ እነሱ የሚያጡት ለጌጥ ነው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል የሚባለው የስፖርት መኪና ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው በቦሽ ፖምፓ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ቮልስዋገን 1600 ላይ ነዳጁን በኤሌክትሮኒክ ሳጥን የሚመጥን የቦሽ ሥርዓት ተገጠመ። አያቶቻችን በስም የሚያውቁት ፔዦ 404 እንኳ በካርቡራቶር ፋንታ በፖምፓ የሚሠራ ዓይነት ነበረው። ዛሬ እነዚህን መኪኖች የያዙ ሰዎች ሲበላሹባቸው ምን ያደርጋሉ? ፋብሪካው ዕቃውን ማምረት ካቆመ ዘመን የለውም። አንዱ ተስፋ ቆርጦ ካርቡራቶር ይገጥማል። ሌላው በዘመናዊ ኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሥርዓት ያስገባል። ሦስተኛው ግን ፖምፓውን ይፈታና በሥራው ለሚታወቅ ባለሙያ ይልከዋል፤ ባለሙያው የፖምፓውን ቁጥር ያነባል፣ የፋብሪካውን የልኬት ሠንጠረዥ ያወጣል፣ መፈተሻ ማሽን ላይ ይሰቅለዋል፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚደርሰውን ጠብታ ይለካል። እንደ መርሴዲስ ያሉት ኩባንያዎችም ለጥንት መኪኖቻቸው መለዋወጫ የሚያቀርብ ክፍል አቋቁመዋል።

ልብ በሉልኝ፤ ያ መኪና እሁድ እሁድ ለሽርሽር የሚወጣ ነው። ቢቆም የሚጎዳው የባለቤቱ ስሜት ነው። የእኛው ግን መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም ተሳላሚ ጭኖ አቀበት የሚወጣ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ደሴ ሆስፒታል የሚያደርስ ነው። የገበሬውን ጤፍና ማሽላ ገበያ የሚያወርድ ነው። ለሽርሽሩ መኪና ጠብታ ይለካል፤ ለምጧ መኪና "ግጠመውና እንየው" ይባላል። የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው።

ለመሆኑ ፖምፓ ምንድን ነው? የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ጨቁኖ ያግለዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍታው በትክክለኛዋ ቅጽበት ተረጭቶ ራሱ ይቀጣጠላል። ናፍታውን የሚገፋው ፖምፓው ነው፤ የሚረጨው ኖዝሉ ነው። የድሮዎቹ ኖዝሎች እንደየሞተሩ ዓይነት ከ100 እስከ 250 ባር በሚደርስ ግፊት ይከፈታሉ፤ የቤት መኪና ጎማ የሚሞላው በ2 ባር ተኩል ገደማ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገባችኋል። ይህንን ግፊት ያለ ምንም ላስቲክ የሚይዙት ፖምፓው ውስጥ ያሉት ወንዴና ሴቴ ብረቶች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ2 እና ከ3 ማይክሮን አይበልጥም። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ሁለቱ ብረቶች ፋብሪካ ውስጥ አንድ ላይ ተፋትገው የተጋቡ ስለሆኑ አንዱን ከአንዱ አፋትቶ ለሌላ መዳር አይቻልም። ከሞተ ፖምፓ ወንዴውን፣ ካረጀ ፖምፓ ሴቴውን ወስዶ "አንድ ጤነኛ አወጣሁ" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ በትሕትና አመስግናችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ወደ ገበያው እንምጣ። ሐይቅ ላይ ያጣ ደሴ ይወጣል። ደሴ ያጣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይገባል። እዚያም የሚሰማው ጨዋታ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦

"ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው?"

"ወላሂ ኦርጅናል ነው ወንድሜ! ካርቶኑን አላየኸውም?"

"ካርቶኑማ ኦርጅናል ነው…"

"ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ርካሽ ከፈለግህ ታይዋን አለልህ። ከዚያም ዝቅ ያለ አለ።"

በዚህ ጨዋታ ውስጥ የተዋሸ ነገር መኖሩን ገዢውም ሻጩም ያውቃሉ። ገዢው ካርቶን ይገዛል፣ ሻጩ መሐላ ይሸጣል። "ኦርጅናል" የሚለው ቃል በእኛ ገበያ ከብዙ መሐላ ብዛት የተነሳ ትርጉሙን ጨርሷል። መጀመሪያ ፋብሪካው ራሱ የሠራው ማለት ነበር። ቀጥሎ ጃፓን የተሠራ ሁሉ ማለት ሆነ። ከዚያ ከባድ የሆነ ዕቃ ማለት ሆነ። አሁን አሁን "ከሌላው የሚሻል ይመስለኛል" ከማለት አይበልጥም። እናም ቃሉ ሲሞት "የኦርጅናል ኦርጅናል"፣ "አንደኛ ኦርጅናል" የሚሉ ልጆች ተወለዱለት። ኦርጅናል አንደኛና ሁለተኛ ካለው እኮ ኦርጅናል አይደለም!

አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ ሊያውቀው የሚገባው የአምባሰል ሰው ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ነበር፤ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። የልዩነቱ ሒሳብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተወራረደ። ፖምፓና አድዋን ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። በእርግጥ ሚዛናቸው አይገናኝም። ግን ትምህርቱ አንድ ነው፦ ሁለት ወገን በአንድ ቃል ተስማምቶ በልቡ የተለያየ ነገር ከያዘ፣ ሒሳቡ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። በፖምፓው ጉዳይ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን ሻጩም ገዢውም ሳይሆን ዳገት ላይ ከነልጇ የቆመችው ተሳፋሪ ናት።

ሁሉንም ነገር በነጋዴው ላይ መለጠፍ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሕመሙን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚቀይር ሐኪም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ መኪና ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ፖምፓው ሞተ፤ እሺ፣ ምን ገደለው? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ አንጠይቅም።

የመጀመሪያው ገዳይ ራሱ ናፍታው ነው። ፖምፓው ሌላ ቅባት የለውም፤ ብዙዎቹ ፖምፓዎች የሚለሰልሱት በሚያሳልፉት ናፍታ ነው። ናፍታው ላይ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት የቅባትነት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀሪካንና በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጠውን አስቡት። ከየት እንደተቀዳ፣ ምን እንደተጨመረበት፣ ውኃ ይግባበት አቧራ ማን ያውቃል? 3 ማይክሮን ክፍተት ውስጥ የአንዲት ቅንጣት አቧራ መግባት ዓይን ውስጥ ድንጋይ እንደመግባት ነው።

ሁለተኛው ገዳይ ስስታችን ነው። የናፍታ ፊልትሮ ከፖምፓ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ሒሳብ ነው። ሆኖም ፊልትሮው ሲደፈን በአየር ነፍተን መልሰን እንገጥመዋለን፤ አንዳንዱ ጭራሽ "ናፍታ ከለከለኝ" ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ሰልባትዮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃና ዝገት የሚያጥበው ሰውም ጥቂት ነው። ከዚያ አዲስ ፖምፓ ገዝተን በዚያው ቆሻሻ ናፍታ ላይ እንገጥመዋለን። አዲሱን ሙሽራ አሮጌው ሕመም ይቀበለዋል።

ሦስተኛው ገዳይ አይደለም፣ ሐሜተኛ ነው፦ ከፍታ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። በእጅ የሚስተካከለው የድሮ ፖምፓ ግን የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ የከፍታ ማካካሻ ከሌለው ቆላ ላይ የሚልከውን ናፍታ ደጋ ላይም ያንኑ ይልካል። ትርፉ ናፍታ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እናም ምንም ያልሆነ ፖምፓ በጭሱ ብቻ ተፈርዶበት ይፈታል። በባሕር ጠለል ልኬት የተስተካከለ አዲስ ፖምፓ ደሴ ላይ ሲያጨስም "ፎርጅድ ነው" ይባላል። ችግሩ ግን የዕቃው ሳይሆን የሚዛኑ ነው። እንደ አገሩ ከፍታ ቢመጠን ጭሱም ይቀንሳል፣ ናፍታውም ይቆጠባል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አለ። ፖምፓ ቤት የሚሠሩ፣ ኖዝል ሲረጭ ድምፁን ሰምተው ሕመሙን የሚነግሩ ሰዎች አሉ። የምንከፍላቸው ግን ለዕውቀታቸው አይደለም። "ምን አዲስ ዕቃ ጨመርክበት?" ብለን ነው ሒሳብ የምንከራከረው። መካኒኩ ግማሽ ቀን ፈትሾ "ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ ሰልባትዮህን እጠብ" ቢለን ለዚህች ቃል ገንዘብ ማውጣት ይከብደናል። ስለዚህ መካኒኩም ይማራል። ዕቃ ካልቀየረ እንጀራ እንደማይበላ ሲገባው ይቀይራል። ሌባ ያደረግነው እኛ ነን ማለቴ አይደለም፤ ሐቀኝነቱ እንዳያበላው ያደረግነው ግን እኛ ነን።

ነገሩ ሥር አለው። አገራችን ብረት ቀጥቃጩን "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያለች፣ ማረሻዋን ከእሱ ወስዳ ማዕዷን ከእሱ የነጠለች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1867 አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን እየመዘነ በሰው ጉልበት መቅደላ ላይ ወጥቷል፤ መቅደላም እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ስለ ሴባስቶፖል እንፎክራለን። ለመሆኑ ከመቅደላ ወዲህ ምን አቀለጥን? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የመጀመሪያው አውቶሞቢልም አዲስ አበባ የደረሰው በዚያው ዘመን ነው። መኪናውን ተቀበልን፤ አዋጁን ግን ገና አልተቀበልንም። ልጁ ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ "ተመራቂ ነው" የሚል አባት፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ እጁ ዘይት ቢነካ "ልጄ ጋራዥ ቀረ" ብሎ ያዝናል። "ቀረ" የምትለዋን ቃል ተመልከቷት!

እስቲ ከዚሁ ከሐይቅ ሌላ ነገር ልጥቀስ። በሐይቁ ልሳነ ምድር ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጻሕፍት አገር ነው። የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቆዳው ሲፋቅ ቀዳዳ ከወጣበት ጸሐፊው ብራናውን አይጥለውም፤ በጥንቃቄ ይሰፋዋል፣ ፊደሉንም በስፌቱ ዙሪያ አዙሮ ይጽፋል። ስፌቱ አይደበቅም። ከመቶ ዓመታት በኋላ የሚያነብ ሰው እዚህ ላይ ተቀዶ ነበር፣ እንዲህም ተጠገነ ብሎ ያውቃል። ጥገና ማለት ይህ ነው። የእኛ ዘመን ጥገና ግን ስፌቱን ደብቆ በቀለም ቀብቶ "አዲስ ነው" ብሎ መማል ሆነ። የቀድሞዎቹ ጠጋኞች ሃይማኖታቸው የበለጠ ስለነበር ነው አትበሉኝ፤ ዛሬም እኮ በዚያው መንገድ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር "ወላሂ" እና "በማርያም" የሚል ሹፌር ሞልቷል። የጎደለው መሐላ አይደለም።

መንግሥትስ? መንግሥት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ዳኛም ተጫዋችም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከአዲሶቹ እጅግ የከበደ ቀረጥ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው፤ ጭስ መቀነሱን፣ ነዳጅ መቆጠቡን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ሦስቱን ስትደምሯቸው መልእክቱ አንድ ነው፦ በእጃችሁ ያለው አሮጌ ሞተር ገና ብዙ ዓመት ይቆያል፣ መለዋወጫውም ይወደዳል። ዳገቱ ላይ ያለው አይሱዙ ነገ ጠዋት በባትሪ መኪና አይተካም። በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጭነት መኪና ለአምባሰል ገበሬ እስኪደርስ ድረስ "ላም አለኝ በሰማይ" ነው። እስከዚያ ያለችን ላም ደግሞ ጥቁር ጭስ የምትተፋዋ ናት፤ እሷን ማከም የማንም ዕቅድ ውስጥ የገባ አይመስልም።

በየዓመቱ ቦሎ ይለጠፋል። ቦሎ ተለጠፈ ማለት ግን ፖምፓው ተፈተሸ፣ ኖዝሉ ተለካ ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ። ከእነዚህ አጠገብ ማንኛውም ባለመኪና ፖምፓውን አምጥቶ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያስለካበት፣ ውጤቱንም በወረቀት ተጽፎ የሚቀበልበት አንድ የሕዝብ መፈተሻ ቢኖር ምን ያህል የካርቶን መሐላ በወደቀ ነበር! ተማሪውም ሥዕል ላይ ያየውን ፖምፓ በእጁ ይነካው ነበር። ይህ ሕልም አይደለም፤ የአንድ ማሽን፣ የአንድ ክፍልና የሁለት ሐቀኛ ሰዎች ጉዳይ ነው። ከሦስቱ የሚከብደው የቱ እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ባለመኪናውስ እስከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? አይቀመጥም። ካርቶኑን ትቶ ብረቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብብ፤ የተፈታውን ፖምፓ ቁጥር ከሚገዛው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያይ። ደረሰኙ ላይ "1 ፖምፓ" ብቻ ሳይሆን ቁጥሩና አገሩ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። አሮጌውን ፖምፓ ለመካኒኩ "ይቅርብህ" ብሎ አይተውለት፤ ነገ የሌላ ሰው "ኦርጅናል" ሆኖ የሚሸጠው እሱ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮውን በጊዜው ይቀይር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይቀይር ሕመሙን ለነገረው መካኒክ ሳይሳሳ ይክፈል።

እነዚያ የስፖርት መኪና ባለቤቶች የሚበልጡን በገንዘብ ብቻ አይደለም። አሮጌ ዕቃ ዕውቀት እንዳለበት ያምናሉ። ዕውቀቱም በሰው እጅ ውስጥ እንደሚኖር፣ ያ እጅ ሲሞት ፋብሪካው እንኳ ተመልሶ ሊሠራው እንደሚቸገር ገብቷቸዋል። ስለዚህ እጁን ፈልገው ይሄዳሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይከፍላሉ። እኛ ግን እጁ አጠገባችን፣ እዚያው ሐይቅ አስፋልት ዳር ዘይት በነካው ቱታ ቆሞ ሳለ፣ 400 ኪሎ ሜትር ሄደን ካርቶን እንገዛለን። "ከእጅ አይሻል" የሚለውን ተረት ስንተርት ዶማውን ለመናቅ ነበር። እጁንም አብረን እንደናቅነው ግን አላስተዋልንም።